ከገዛ ሆዷ

ሊዲያ ለፍቅረኛዋ ለይድነቃቸው የጻፈችውን ደብዳቤ እንዲያደርስላት ለወልቂጤው ሚኒባስ ሹፌር ለጀማሉ የሰጠችው ሰኞ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው። መልስ የለም።

መልስ እንዳይኖር ያደረገችውም ራሷ ናት። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ፣ "አንብበህ ስትጨርስ አትደውልልኝ። በድምፅህ ውስጥ ሐዘኔታ ከሰማሁ አልችለውም። ከዚህ ሁሉ በኋላም የምትፈልገኝ ከሆነ እሁድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቡታጅራ መናኸሪያ ና። ካልመጣህ ይገባኛል፤ አልቀየምህም" ብላ ጽፋለች። ስትጽፈው የጎበዝ ሰው ቃል መስሏት ነበር። አሁን ግን ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይዘላል፤ የደወለው ግን የተማሪ ወላጅ ሆኖ ይገኛል። ያንን ቃል የጻፈች እጇን ትረግማለች።

ለይድነቃቸው በአፏ ልትነግረው ሦስት ጊዜ ጀምራ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ መሃል ላይ ስትደርስ ወሬውን ወደ ትምህርት ቤት መለሰችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ተኝታ፣ ግራ ጡቷ በካንሰር ምክንያት ተቆርጧል። ሕክምናውን ጨርሳ፣ የረገፈው ፀጉሯ በቅሎ፣ ወደ ኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜዋ ተመለሰች። ቡታጅራ ውስጥ ከታላቅ ወንድሟ ከአዳነ በቀር እውነቱን የሚያውቅ የለም። "ታማ ነበር፤ ጌታ ማራት" ተብሎ ተጸለየ፤ በዚያው አለፈ። ባዶውን ቦታ የምትሞላበት ስፖንጅ ሲያስፈልጋት፣ ቡታጅራ እንዳትገዛ ባለሱቁ ሁሉ የተማሪዎቿ አባት ነው። ስለዚህ ወልቂጤ ድረስ ሄዳ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ሶፋ ቤት ገባች።

"ለምንድን ነው?" አላት ባለቤቱ፣ መቀሱን እንደያዘ።

"ለወንበር።"

"መዳፍ የምታክል ስፖንጅ የምትበቃው ምን ዓይነት ወንበር ነው እህቴ? የዶሮ ነው?"

ሳቀች። ከሕመሟ ከተነሳች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ጠርዙን እንዲያሳሳላት ስትጠይቀው ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር፣ ዙሪያውን በትንሽ በትንሹ እየላጨ ክብ አደረገላት። ሰውየው ይድነቃቸው ነበር። ፍቅራቸው የተጀመረው በዚያ ውሸት ነው፤ ሁለት ዓመት የቆመውም በዚያው ውሸት ላይ ነው። ሊያቅፋት ሲል ጎኗን ትሰጠዋለች፤ እሱም ዓይን አፋርነቷ ይመስለዋል። አሁን መስቀልን ከቤተሰቡ ጋር ውሎ ሽማግሌ ሊልክባት ነው።

በዚሁ መሃል ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ክርስቲያን ከአዲስ አበባ ደውለው፣ ጡቷን መልሶ ለመሥራት ተራዋ መድረሱን፣ ቀኑም ማክሰኞ መሆኑን ነገሯት። ቀዶ ሐኪሙ ነገሩን ባለፈው ክረምት በትዕግሥት አስረድተዋታል።

"ሰው ሠራሽ ነገር አናስገባም" ብለው ነበር። "ከእምብርትሽ በታች ያለውን ቆዳና ጮማ ከነደም ሥሩ አንስተን ደረትሽ ላይ እንተክለዋለን። ደም ሥሩን እዚያ ካለው ደም ሥር ጋር በማይክሮስኮፕ እያየን እንሰፋዋለን። ቀደም ሲል የሆድ ጡንቻም አብሮ ይወሰድ ነበር፤ አሁን ጡንቻውን ትተን ደም ሥሮቹን ብቻ ከመሃሉ ፈልቅቀን ነው የምናወጣው። የራስሽ ሥጋ ነው። ይሞቃል። ስትወፍሪ ይወፍራል፤ ስትከሺም ይከሳል።"

"ካልያዘስ ዶክተር?"

"ከመቶ ሰው በጣት በሚቆጠሩት ላይ ደም ሥሩ ይዘጋል። ያኔ የተተከለው ይጠቁራል፤ ማውጣት ግድ ይሆናል። ክፉዎቹ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው።"

ሊዲያን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው። አጥቶ መኖርን ለምዳዋለች። መልሳ አግኝታ፣ ሞቆ ተሰምቷት፣ በሦስተኛው ቀን ጠቁሮ ሲወሰድባት ግን ምን እንደሚተርፋት አታውቅም።

ስምንት ሰዓት ገደማ የግቢው በር ተንኳኳ። ይድነቃቸው መስሏት ሮጣ ከፈተች።

በሩ ላይ የቆሙት ጥቁር ጃንጥላ የያዙ፣ አጠር ወፈር ያሉ እናት ነበሩ። በይድነቃቸው ስልክ ላይ በፎቶ ታውቃቸዋለች።

"ዘነበች እባላለሁ" አሉ። "የይድነቃቸው እናት ነኝ።"

ሊዲያ አስገባቻቸው። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጡ።

"ውሃ እንኳ ላምጣልዎት እማማ?"

"ጠጥቼ ነው የመጣሁ።"

ከተራራው ማዶ በሚኒባስ ሲንገላታ የመጣ ሰው፣ በዚህ ፀሐይ ውሃ እንቢ ካለ ለደግ አልመጣም። ሊዲያም ተረድታ ቆማ ቀረች። ወይዘሮ ዘነበች እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰድደው አንድ ፖስታ አወጡ። ተቀድዷል። የፖስታው ላይ ጽሑፍ የሊዲያ ነው።

"እሱ ነው የሰጠዎት?" አለች፤ ድምፅዋን ራሷም አልሰማችውም።

"እሱ አላየውም። እምድብር ነው ያለው። የሚሲዮኑን አዳራሽ ወንበሮች ሊያለብስ ድንገት ከሄደ ሳምንቱ፤ ስልኩም እዚያ ተሰብሮበታል። ጀማሉ ሱቁ ዝግ ቢሆንበት እቤት አምጥቶ ሰጠኝ፤ ልጄ ትዕግስት አነበበችልኝ።" ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጣሉ። "ጥፋት ነው፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ግን እናት ነኝ። ፖስታው ከብዶ ሲመጣብኝ ሆዴ ፈራ።"

አላነበበውም። ስድስት ቀን ሙሉ በዝምታው ስትሞት የከረመችለት ሰው ዝም አላለም፤ አያውቅም። ሊዲያ እፎይ ልትል አስባ ነበር። እፎይታው ግን አልመጣም፤ በቦታው እፍረት መጣ። የገላዋ ገመና በአንዲት ልጅ አፍ፣ ወልቂጤ ውስጥ፣ ጮክ ተብሎ ተነብቧል።

"ልለምንሽ ነው የመጣሁት" አሉ ወይዘሮ ዘነበች። አማርኛቸው ላይ የቸሃ ጉራጌ ለዛ አለ፤ ሲጨነቁ ደግሞ ይበረታል። "የተማርሽ ነሽ፤ ይገባሻል። ልጄን ተይልኝ።"

"በጡቴ ምክንያት?"

"ማነው ስለ ጡት ያወራ? ጡትማ ወንድ ልጅ ካደገ ምን ያደርግለታል? እኔ የምለው ስለ ሆድሽ ነው።"

"ስለ ሆዴ?"

"እዚህ ላይ አለ!" ወረቀቱን በጣታቸው መቱት። "'ከሆዴ ቆርጠው ደረቴ ላይ ይተክሉልኛል' ብለሻል። ተሳስታ እንደሆን ብዬ ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ሆድሽን አውጥተው ለደረትሽ ከሰጡት፣ የልጄ ልጅ የት ይተኛል?"

ሊዲያ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ሆድ። ስትጽፍ ሌላ ቃል አልታያትም ነበር፤ ስድስት ልጅ ለወለዱ እናት ግን ሆድ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ዝም ብትል ሁሉም ነገር እዚሁ ያልቃል። ይህን በግልጽ አየችው። ነገ መናኸሪያ ቆሞ መጠበቅ የለም፤ ይድነቃቸው ደረቷን አይቶ ፊቱ ሲለወጥ ማየት የለም። ሴትዮዋ ፖስታቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ "መካን ናት" ይባላል፤ ያበቃል። ፍርሃቷ "ዝም በይ" አላት። ልትታዘዘውም አፏን ገጥማ ነበር። ዓይኗ ግን ወረቀቱን በያዙት እጆች ላይ አረፈ። እነዚያ እጆች የወረቀቱን ጠርዝ ጨምድደው ይዘውታል፤ ሴትዮዋም ፈርተዋል።

"እማማ" አለች፣ ወለሉ ላይ እግራቸው ሥር እየተቀመጠች፣ "ማህፀኔን አይነኩትም። የሚወስዱት ጮማ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"ጮማ። ቆዳና ጮማ። ከእምብርት በታች ያለውን። ልጅ ብፈልግ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቼ መውለድ እንደምችል ሐኪሙ ነግረውኛል። ጌታ ከፈቀደ።"

ወይዘሮ ዘነበች በቀሚሳቸው ላይ የራሳቸውን ሆድ ቆንጥጠው ያዙ። "ይሄን?"

"አዎ፣ እሱን።"

"ይሄን ልፍስፍሱን?"

"እሱን እማማ።"

"ይሄንንማ ከኔ ይውሰዱ! ምን አንቺን አስቆረጠሽ? ለሦስት ሴት ይበቃል እኮ!"

ሊዲያ ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ። "የርስዎ አይሆነኝም። የሌላ ሰው ሥጋ ገላዬ አይቀበለውም። የራሴ ብቻ ነው የሚይዝልኝ።"

"ውሃ ስጪኝ እስቲ" አሉ ሴትዮዋ። በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው ብርጭቆውን አስቀመጡና፣ "አሳዪኝ" አሏት።

ከሐኪሞች በቀር ያንን ቦታ ያየ ሰው የለም። ሊዲያ ግን የሸሚዟን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች። ስፖንጁ ወደቀ። ጠባሳው ከደረቷ መሃል እስከ ብብቷ ተጋድሟል። ወይዘሮ ዘነበች አልደነገጡም። ሻካራ መዳፋቸውን አምጥተው ባዶው ቦታ ላይ አሳረፉት።

"ታናሽ እህቴ ደብቃኝ ነው የሞተችው" አሉ ቀስ ብለው። "ሁለት ዓመት ሙሉ በነጠላ ሸፍና ከኛ ጋር በላች፣ ጠጣች። ያየሁት ሬሳዋን ሳጥብ ነው።" እጃቸውን አላነሱም። "ትፈሪያለሽ?"

"በጣም።"

"ልጄም ፈሪ ነው። ትልቅ ሰው መስሎሽ እንዳትሸወጂ፤ መብረቅ ሲጮህ አሁንም በር ይዘጋል።" ፖስታውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጡላት። "ይሄንን እኔ አልሰጠውም። ሦስት ጊዜ ጮክ ተብሎ ከተነበበ ወዲያ ምኑን የፍቅር ደብዳቤ ሆነ? በአፍሽ ንገሪው። እኔ በጀማሉ 'ና' ብቻ ብዬ እልክበታለሁ።"

ከሄዱ በኋላ ሊዲያ ሸሚዟን ሳትቆልፍ ተቀምጣ ቆየች። በወረቀት መጻፍ የቻለችውን ነገ ዓይን ዓይኑን እያየች ልትናገረው ነው። ከመቁረጫው ቢላ ይልቅ ይህ አስፈራት።

እሁድ ጠዋት መናኸሪያው ገና ከመንቃቱ በፊት ይድነቃቸው ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ፀጉሩ ላይ የስፖንጅ ብናኝ፣ ሱሪው ላይ የእምድብር መንገድ አቧራ አለ። ጀማሉ ከሚኒባሱ መስኮት ብቅ ብሎ፣ "መምህርት፣ ሰውሽን አደራ! መንገዱን ሙሉ 'ፍጠን' እያለ ሊያስገለብጠን ነበር" ብሎ ሳቀ። ሁለቱም አልሳቁም።

"ሊዱ፣ እናቴ ና አለችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።" ዓይኑ ሻንጣዋ ላይ ወደቀ። "ልትሄጂ ነው። ሌላ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን አጠፋሁ?"

የተለማመደችው ንግግር ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፋ። "ግራ ጡቴ የለም" አለችው። "ሳታውቀኝ በፊት በካንሰር ተቆርጧል። ከሆዴ ጮማ አንስተው አዲስ ሊሠሩልኝ ነው የምሄደው። ማክሰኞ።"

ዓይኑ ለቅጽበት ወደ ደረቷ ሄደ። ከዚያ መሬት ላይ ወደቀ። ሊዲያ ሁለት ዓመት የፈራችው ይህችን አስተያየት ነበር፤ እነሆ መጣች፤ ተጸየፈኝ ብላ ሻንጣዋን አነሳች።

"ያ ስፖንጅ" አለ፣ ሳያያት።

"አዎ።"

"እኔ ነኝ የቆረጥኩልሽ።"

"አንተ ነህ።"

"ለወንበር ስላልሽኝ ጠንካራውን ሰጠሁሽ።" ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "ሊዱ፣ ሰው የሚቀመጥበትን እኮ ነው የሰጠሁሽ! ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ደረቅ ነገር... ለስላሳው እኮ እጄ ላይ ነበር። ምናለ ብትነግሪኝ?"

ሻንጣዋን መልሳ አስቀመጠችው። እጁን ያዘች። ይድነቃቸው ግን አልጨረሰም ነበር።

"አትሂጂ" አላት። "ለኔ ብለሽ ከሆነ አልፈልግም። እንዳለሽ ትበቂኛለሽ።"

ይህን ቃል በሕልሟ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። አሁን በእውን ሲመጣ ግን ፊቷ ላይ እንደተዘጋ በር ሆነባት።

"ለአንተ ብዬ መሰለህ?" አለችው። "ስታጠብ ዓይኔን ጨፍኜ የምታጠበው እኔ ነኝ። መስታወት ከቤቴ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንተማ ገና ዛሬ መስማትህ ነው። ለራሴ ነው ይድኔ።"

"ብትሞቺስ?" ብሎ ጮኸ፤ ቲኬት የሚቆርጡት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከዚያ ማደንዘዣ ባትነቂስ? አንድ ጡት ኖረሽም አልኖረሽም እዚህ አለሽ። እዚያ ሄደሽ ባጣሽ እኔ ምን እሆናለሁ?"

የተናገረው ሁሉ ሊሆን የሚችል ነበር። አይሆንም ብላ ልታባብለው አልቻለችም፤ ኬሚስትሪ የምታስተምር ሴት ናት፣ ከመቶ ጥቂት ማለት ማንም ሰው ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች።

"ልሞት እችላለሁ" አለችው። "ላይዝልኝም ይችላል። በፍርሃት ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። አስቀረኝ ብዬ አልጠራሁህም። ብቻዬን መፍራት አቅቶኝ ነው።"

ተራ አስከባሪው የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ መታ። "አዲሳባ! የሞላ ነው! አንድ ሰው የቀረ!"

ይድነቃቸው ሻንጣዋን ከእጇ ወሰደ። "ሁለት ነን" አለው ለሰውየው። "ጠጋ ብለን እንቀመጣለን።" በመንገድ ሁሉ እጇን አልለቀቀም። እጁ ከሷ እጅ ይበልጥ ይቀዘቅዝ ነበር።

ቀዶ ጥገናው አሥር ሰዓት ፈጀ። ረቡዕ ጠዋት ሊዲያ ስትነቃ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይሞቅ ነበር፤ የተተከለው ብርድ እንዳይነካው ነው አሏት። ሆዷ ከዳር እስከ ዳር በስፌት ተወጥሯል። ጉልበቷን አጥፋ ነው የተኛችው፤ ማቃናት አትችልም። ደረቷ ላይ አንድ እብጠት አለ። ለማየት አልደፈረችም።

ነርሷ ባሂራ ከቡታጅራ ዙሪያ፣ የመስቃን ልጅ ናት፤ የሊዲያን አገር ከካርዱ ላይ ስታነብ፣ "እኛው ነን ለካ!" ብላ ነበር። በየሰዓቱ ትመጣለች። መጀመሪያ በእጇ ጀርባ ሙቀቱን ትለካለች። ቀጥሎ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቅቃ ቀለሙን ታያለች። በመጨረሻም ጫፏ እስክሪብቶ የምታክል መሣሪያ ስፌት ያለበት ምልክት ላይ ታሳርፋለች፤ ደሙ እየሄደ ከሆነ በድምፅ ማጉያዋ ይሰማል።

ሦስት ሰዓት ላይ ይድነቃቸው ጋውን ለብሶ እንዲገባ ተፈቀደለት። በሩ አጠገብ ቆሞ ፈገግ ሊል ሞከረ። ባሂራ መሣሪያዋን አሳረፈች።

ምንም አልተሰማም።

ከአየር ጩኸት በቀር ምንም። ባሂራ ጫፉን ትንሽ አንቀሳቀሰች። ምንም። ይድነቃቸው ምን መሰማት እንዳለበት ስለማያውቅ ፈገግታውን እንደያዘ ቆሟል። ሊዲያ ግን ታውቃለች። የባሂራን ፊት አየች። ነርሷ ወሬዋን አቁማለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። እጇን ጫን አድርጋ ለቀቀች፤ ቆዳው ገርጥቶ ቆየ፣ ቆየ።

"ባሂራ?" አለች ሊዲያ።

"አንዴ ዝም በይልኝ እህቴ።"

ጠቆረ፣ አለ ልቧ። ሊወስዱት ነው። ጮኻ ማልቀስ ፈለገች፤ ስፌቱ አልፈቀደላትም። አሁን ይድነቃቸውም ገባው። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ። ባሂራ በሊዲያ ክንድ ሥር ያለውን ትራስ ጎተተችና ትከሻዋን ቀና አድርጋ አስተኛቻት። የመሣሪያዋ ጫፍ ላይ የሚቀባውን ዝልግልግ ቅባት ጨመረች። ጫፉን እንደገና አሳረፈች፤ የጥፍር ያህል ወደ ላይ ገፋችው።

ሹፍ... ሹፍ... ሹፍ...

"አልሐምዱሊላህ" አለች ባሂራ፤ ትከሻዋ ሲወርድ ታየ። "ክንድሽ ተጭኖት ነው። ሁለተኛ እንደዚያ እንዳትተኚብኝ፤ ልቤን ልታቆሚው!"

ይድነቃቸው ወደ አልጋው ቀረበ። "ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?"

"ደሟ ነዋ" አለችው። "አዲሱ ውስጥ ሲሄድ።"

አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እንባው በጋውኑ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሊጠርገው አልሞከረም። ሊዲያ ያን ጊዜ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ አየችው። ያበጠ፣ በስፌት የተከበበ፣ የተለያየ ቀለም ያለው ነገር ነበር። አያምርም። ይሞቃል።

ባሂራ መሣሪያዋን አጠፋች።

"አንዴ ድገሚልኝ" አላት ይድነቃቸው።

"ከአንድ ሰዓት በኋላ። አሁን የጉብኝት ጊዜህ አብቅቷል፤ ውጣ።"

"ሰዓቱ እስኪሞላ ልቀመጥ?"

ባሂራ ወደ በሩ አየች፣ ወደ ሊዲያ አየች፤ መጋረጃውን ስባባቸው ወጣች። ይድነቃቸው ወንበር ጎትቶ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ከአሥር ይላል። ገና ሃምሳ ደቂቃ። ከክፉዎቹ ሦስት ቀናትም ገና ሁለት ይቀራሉ። ምን እንደሚሰሙ ሁለቱም አያውቁም። ጣቶቻቸውን አቆላልፈው፣ ትንፋሻቸውን እየዋጡ፣ የሰዓቱን ቀጭን እጅ በዓይናቸው ይከተሉት ጀመር።